የቤካ ራትና አውራ ጣት

ጋሼ ቤካ ራትና ሥራ የተዉት ዓይናቸው ስለደከመ ነው ይላሉ የግቢያችን ሰዎች። ውሸት ነው። ዓይናቸውማ ድሮም ደካማ ነበር፤ ሥራ ያስተዋቸው የእኔ አፍ ነው። ይሄን የምናገረው ሰው አዝኖልኝ አይዞሽ ቺኒ ማያ እንዲለኝ አይደለም። አይዞሽ ባይ ሞልቷል፤ አልፈልግም። ስለ እሳቸው የሚወራው ልክ ስላልሆነ ነው።

ጋሼ ቤካ የባሌ የፓና ካጂ ታላቅ ወንድም ነበሩ። እዚህ ፓታን ከተማ ውስጥ፣ በእኛ የገዳም ግቢ ዙሪያ ያለው ቤት ሁሉ መዳብ አቅልጦ ቡድሃ የሚሠራ ሰው ቤት ነው። ልጅ ስም ሳይወጣለት መዶሻ ይሰማል። ያ ሁሉ ባለሙያ ባለበት ግን ፊት የሚቀርጽ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው። ልብሱንም፣ የሎተስ አበባ መቀመጫውንም፣ ሞረድ የያዘ ሁሉ ይሠራዋል። ፊት ግን ሌላ ነገር ነው። ፊት ከተበላሸ የቀረው ቢያምር ማን ያየዋል? በእኛ ቤት ፊት ማለት ጋሼ ቤካ ነበሩ፣ ሌላ ቤት ደግሞ ቴጅ ጂዮቲ የሚባል ሰው።

ሚስታቸው ገና በወጣትነቷ ሞታባቸው ሌላ አላገቡም። ልጅም የላቸውም። እኔ ምራት ሆኜ እዚህ ቤት ስገባ የአርባ ዓመት ሰው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ያችው አንዲት ሰደሪያ። ቁርሳቸው የምስር ቂጣ ነው፣ ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው መስኮት ሥር እግራቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ፣ የሐውልቱን ጭንቅላት ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ በቃ። ጭንቅላቱን ያናግሩታል። «ምን ሆነህ ነው ዛሬ ፊትህን የጣልከው? ማን ተናገረህ?» ይሉታል፤ በትንሿ መሮ ከንፈሩን ትንሽ ነካ ያደርጉትና «እሺ፣ አሁን ሰው ሆንክ» ይላሉ። እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ ሳቅ ሲያፍነኝ ወጥቼ ጣራ ላይ እስቅ ነበር።

ሥራቸውን ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚያዩት። አውራ ጣታቸውን ከግንባሩ ጀምረው በአፍንጫው በኩል እስከ አገጩ ያወርዱታል። ቢሻክር፣ ቢጎድል፣ ያቺ ጣት ታገኘዋለች። ፓና ካጂ በመነጽር ያጣውን እሳቸው ጨፍነው ያገኙት ነበር። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ዓይናቸው ጭራሽ እየደከመ ሲሄድ ማንም አልደነገጠም፣ እሳቸውም አልደነገጡም። የደነገጡት እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረ ቀን ነው። መሮ ሲይዙ አይንቀጠቀጥም፤ መሮ ብረት ነው፣ ይጸናላቸዋል። የሚንቀጠቀጠው ሰም ሲይዙ ነው።

ሰሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። ሐውልቱ መጀመሪያ በሰም ይሠራል፣ ሰሙ በጭቃ ይለበጣል፣ ጭቃው እሳት ላይ ሲሆን ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው መዳብ ይገባል። እንግዲህ በሁለቱ ቅንድብ መሃል ያለችው የግንባር ምልክት፣ የቡድሃ ጥምዝ ጠጉር፣ በሌላው ቤት ድንጋይ ይሰኩባታል፣ አንዳንዱም ነጥብ ብቻ አድርጎ ያልፋታል። የእኛ ቤት ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እውነተኛ ጥምዝ ነው የሚሠራው፤ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ሦስት ጊዜ የዞረች። ሰው ሥራችንን የሚለየው በእሷ ነው። የምትዞረው ወደ ቀኝ ነው፣ መቅደሱን በቀኝ እጃችን አድርገን እንደምንዞረው። ወደ ግራ የሚዞረው ለሞተ ሰው ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ሰሙን በጣትሽ መሃል እያሸሽ እንደ ክር ታቀጥኚዋለሽ። ከዚያ የግራ እጅሽ ጀርባ ላይ ትጠመጥሚዋለሽ፣ ምክንያቱም የእጅ ሙቀት ካላገኘ ይሰበራል። ከዚያ እጅሽን ወደ ግንባሩ ታስጠጊና ገልብጠሽ ትለጥፊዋለሽ። ገልብጠሽ! ስለዚህ እጅሽ ላይ ወደ ግራ መጠምጠም አለብሽ፣ ግንባሩ ላይ ሲገለበጥ ቀኝ እንዲሆን። ይሄን የቤቱ ወንዶች በሕፃንነታቸው ነው የሚማሩት። ሴት የፊት ሰም አትነካም ነበር፤ እኛ የአበባ ቅጠል ነበር የምንለጥፈው። ዛሬ ልጆቼ ይሄን ስነግራቸው ይስቁብኛል።

አንድ ቀን ጋሼ ቤካ ብቻዬን ሲያገኙኝ ጠሩኝ። የቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፣ ይንቀጠቀጣል።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ጥምዟን አንቺ ሥሪልኝ። ለፓና እንዳትነግሪው። ለማንም።»

«ጋሼ፣ ሴት...»

«ሴት ነሽ፣ አይቻለሁ። ገና አልታወርኩም።»

እንዲህ ነው የጀመርነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤታችን የወጣው ጥምዝ ሁሉ የእኔ ነበር። ባሌ ገበያ ሲወጣ ወይ ጭቃ ሊያመጣ ሲሄድ መስኮቱ ሥር አብሬያቸው እቀመጣለሁ፣ ጠምጥሜ እለጥፋለሁ፣ እሳቸው በአውራ ጣታቸው ነክተው «እሰይ» ይላሉ። እኔ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ የለኝም። ልጆቼን ስወልድ እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም፣ ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ የግቢያችን ሐውልት ሥራ መጣ። የገዳሙ አሮጌ ቡድሃ ተሰርቆ ቦታው ስንት ዘመን ባዶውን ኖሮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አዲስ ይሠራ አሉ፣ ፊቱን ቤካ ራትና ይሥራው አሉ። ለሰው አገር የሚላክ ሥራ ሌላ ነው፤ ይሄኛው ልጆቻችን ዕድሜ ልካቸውን የሚሰግዱለት ነው። ጋሼ ቤካ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። «ከዚህ በኋላ ብሞትም አይቆጨኝም» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

ሰሙ ሊያልቅ ሲል ሽማግሌዎቹ ሊያዩ መጡ። አረቄ ቀዳሁላቸው፣ የጎሽ ሥጋ ከደቃቅ ሩዝ ጋር አቀረብኩ። አንዱ ሽማግሌ የአበባውን መቀመጫ አይቶ የማን እጅ ነው ብሎ ቢጠይቅ ፓና ካጂ ሳቀና ሚስቴ ናት፣ ቅጠል መለጠፍ ትችላለች፣ ቅጠል ከለጠፈች ደግሞ ወጡን ታሳርረዋለች አለ። ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ቤካ አልሳቁም። እኔ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ፣ ደሜ ፈልቷል። ቅጠል! የሁለት ዓመት ጥምዝ ሁሉ የማን ነው ብዬ ብጮህ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ጥምዟን የጠመጠምኩት እንደዚያ ተቃጥዬ ነው። ከሠራኋቸው ሁሉ አስበልጬ ልሠራት ፈለግኩ። እጄ ጀርባ ላይ ሆና ሳያት እንድታምር ፈለግኩ። እናም ልክ ግንባር ላይ እንደምትታየው አድርጌ፣ ወደ ቀኝ ጠመጠምኳት። አምራ ነበር፣ ምን ያደርጋል። ገልብጬ ለጠፍኳት። ሰም ጠቆር ያለ ነገር ነው፣ ጥምዟም የምስር ፍሬ ናት። የእኔም ልብ ከባሌ ጋር ይሟገት ነበር እንጂ እዚያ አልነበረም። ያን ቀን ጋሼ ቤካ ሰሙ ትኩስ ነው፣ ይሄን ሥራ እንዳላበላሽ ብለው በጣታቸው አልነኳትም። የፊቱን የመጀመሪያ ጭቃ የሚቀባው ደግሞ በደንቡ ፊት ሠሪው ራሱ ነው፤ በቀጭን ብሩሽ ቀቡት፣ ተሸፈነ። ከዚያ በኋላ ማን ያያል?

ሰሙ ቀልጦ ወጣ፣ መዳቡ ገባ፣ ጭቃው ተሰበረ፣ ፊቱ መስኮቱ ሥር ደረሰ። ጋሼ ቤካ ሁለት ሳምንት ቀረጹት። አንድ ቀን ጠዋት እኔ ጣራው ላይ የተሰጣ ጎመን እየለቀምኩ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ከታች ተጣሩ። ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩ። አውራ ጣታቸው ግንባሩ ላይ ነው፣ ዓይናቸው ተጨፍኗል።

«ቺኒ፣ ይቺ ወዴት ነው የዞረችው?» አሉኝ።

ቀርቤ ማየት ነበረብኝ። አምስት እርምጃ ነው። ግን ጎመኔ ሊበሰብስ ነው፣ በዚያ ላይ ጥያቄው አናደደኝ። ባሌ ቅጠል ለጣፊ ይለኛል፣ እሳቸው ደግሞ ቀኝና ግራ መለየቴን ይጠይቁኛል!

«ወደ ቀኝ ነዋ ጋሼ! ወዴት ልትዞር ኖሯል? እኔ ቀኝና ግራዬን የማላውቅ ነኝ?»

«አይ፣ እንደው ነው» አሉ። ጣታቸውን ከግንባሩ አነሱ። ጣታቸውን አየት አደረጓትና በሰደሪያቸው ጠረጓት። እኔ ወደ ጎመኔ ወጣሁ።

ጥምዟን በመሮ ተከትለው በዙሮቿ መሃል ያለውን ቦይ ቆረጡ፣ ጨረሱ። ከዚያ ወርቅ ቀቢው መጣ፤ ወርቁን ባዜቃ ከሚሉት ፈሳሽ ብረት ጋር ለውሶ ቀባው፣ ባዜቃውን በእሳት አተነነው፣ ወርቁ አበራ። የሱ ዓይን ወርቁ ላይ ነው፣ ጥምዝ አያነብም። ወርቅ ከነካው በኋላ ደግሞ ፊቱ እስከሚባረክ ድረስ በቀይ ጨርቅ ይጠቀለላል።

የሚባረክበት ቀን ግቢው ጢም ብሎ ነበር። ሐውልት ሲባረክ እንደ ልጅ ነው፤ ይወለዳል፣ ስም ይወጣለታል፣ ሩዝ ይቀምሳል፣ ይዳራል። ጋሼ ቤካ አዲስ ኮፍያ አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። ጨርቁ ሲነሳ ሰዉ ሁሉ አህ አለ። እውነትም ፊቱ ያምር ነበር፣ የሚያዝንልህ፣ የሚያውቅህ ዓይነት ፊት። ካህኑ ቀዩን ቀለም በጣቱ ይዞ ግንባሩን ሊቀባ ጎንበስ አለ። ጣቱ እዚያው ቆመ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ቴጅ ጂዮቲ ተነስቶ ቀረበና አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ግራ ነው» አለ። ያን ሰው ክፉ ነው ማለት አልችልም፣ ሲናገር ፊቱ ቀልቶ ነበር።

እኔ ከሴቶቹ መሃል ሆኜ አንገቴን አስግጌ ሳይ ወዲያው ገባኝ። የእጄ ጀርባ ላይ የነበረችው ጥምዝ መጣችብኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ትናንት እጁ ይባረክ ሲል የነበረው ሁሉ ድሮም ዓይናቸው እኮ ደክሟል አለ። ሽማግሌ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ ቀድሞ መተው ነበረባቸው፣ ፓና ካጂ ምን ሲያይ ነበር። ባሌ ላብ በላብ ሆኗል። ታላቁ ሽማግሌ ጋሼ ቤካን ይሄ እንዴት ሆነ ብለው ጠየቋቸው።

ጋሼ ቤካ ኮፍያቸውን አወለቁ። «እጄ ነው የሳተው» አሉ። ወደ እኔ አላዩም። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፣ እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር። ግን ብናገር ሴት የፊቱን ሰም ነክታለች ይባላል፣ ሐውልቱን ጭራሽ አንቀበልም ይላሉ፣ ቤቱ ይዋረዳል፣ እሳቸውም ሁለት ዓመት ሲደብቁ ኖሩ ይባላል። ይሄን ሁሉ አሰብኩ። ምክንያቱ ውሸት አይደለም። ግን ለራሴ ስናገር አላሳምረውም፤ ፈራሁ። ባሌን ፈራሁ፣ ሰዉን ፈራሁ፣ አፌን ዘጋሁ።

ጥምዟን ሞርደው አጠፏትና በቦታዋ ቴጅ ጂዮቲ እንደ ብርሌ የጠራ ድንጋይ ሰካ። አሁንም እዚያው አለ።

ጋሼ ቤካን ማንም ውጡ አላላቸውም። ራሳቸው በማግስቱ መሮዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለፓና ካጂ ሰጡትና ከመስኮቱ ሥር ወርደው ምድር ቤት በሩ አጠገብ ተቀመጡ። የሐውልት መቀመጫ ግርጌ ይሞርዱ ነበር፣ የማንም ጀማሪ የሚሠራውን። በጠዋት መቅደሱን መዞር ተዉ፤ ውሃ ሊቀዱ እንኳ በጓሮው መንገድ ነበር የሚሄዱት። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ፓና ካጂ የተጨረሰ ጭንቅላት ይዞላቸው ይወርድና ጋሼ እስቲ ይንኩት፣ ምን ጎደለው ይላቸዋል። እሳቸው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ይሸጉጣሉ።

«እኔ እንጃ» ይላሉ። «ቺኒን ጠይቃት።»

ምክንያቱም ያኔ ፊት የምሠራው እኔ ሆኜ ነበር። ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ እኔም ሁለት ዓመት መስኮቱ ሥር ሲቀርጹ ሳይ ስለኖርኩ ነው፤ ባሌ ለጥቂት ጊዜ ነው ብሎ ነበር፣ ከዚያ ለምዶ ቀረ፣ ሰዉም ለመደ። ያን ያህል የተፈራው ነገር ሲመጣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የእሳቸው መስኮት ሥር፣ በእሳቸው መሮ፣ እኔ ስም አተረፍኩ። ሰው ሥራዬን ሲያደንቅ ከታች የሞረዳቸው ድምፅ ይሰማኛል፣ እኔም ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ዛሬ እንግዳ አለ፣ ነገ በዓል ነው፣ ከነገ ወዲያ ጉንፋን ይዟቸዋል። ሦስት ዓመት እንደዚህ አለፈ። ሰው ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ነገ ማለት ይችላል።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ደረታቸውን ያዛቸው። ቀን ቀን ጣራ ላይ ፀሐይ እናወጣቸዋለን፣ እኔ ጀርባቸውን በሰናፍጭ ዘይት አሻቸዋለሁ። አንድ ቀን አጥንታቸው በጣቴ ሥር ሲቆጠር ሳገኘው አላስቻለኝም። ፊታቸው ወዲያ ስለነበር ይሆናል፣ ለጀርባቸው ነው የነገርኩት። ጥምዟን የሳትኩት እኔ ነኝ ጋሼ፣ እጄ ላይ ወደ ቀኝ ጠምጥሜ ገለበጥኳት፣ በንዴት ነው፣ ሲባረክ ነው የገባኝ፣ ፈርቼ ዝም አልኩ አልኳቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ? እንደዚያ።

እኔ ማሸቱን አላቆምኩም፣ ምን ላድርግ?

«ግራ ነበረች እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «ከመጀመሪያው? ከሰሙ?»

«አዎ ጋሼ።»

ዞሩ። ቀኝ እጃቸውን አነሱና አውራ ጣታቸውን ያዩ ጀመር፣ ሰው ከሩቅ አገር የመጣ ዘመዱን እንደሚያይ።

«ጣቴ ግራ ናት ብላኝ ነበር» አሉ። «ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ። አንቺ ቀኝ ናት አልሽ። አንቺ ደግሞ ሳትሽ አታውቂም። ስለዚህ ጣቴ ናት የሞተች፣ ግራ ያዞራትም መሮዬ ነው አልኩ። ጣቴ ከሞተች ምን ይዤ ፊት እነካለሁ?»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሳልሰማቸው በማልቀሴ እንኳ አፍራለሁ። አሁኑኑ ወርጄ ሽማግሌዎቹን እሰበስባለሁ፣ ለሁሉም እናገራለሁ፣ ስምዎን እመልሳለሁ ብዬ ለፈለፍኩ።

«ተይ» አሉኝ። «ስሜን ምን አደርገዋለሁ? ለእነሱ ባትነግሪም ግድ የለኝም ነበር። ለእኔ ነበር መንገር የነበረብሽ።»

ከዚያ መሮ አምጪልኝ አሉ። ሮጬ ወረድኩ፤ ትንሿን መሮና ያልተጨረሰ ጭንቅላት ይዤ ወጣሁ፣ መዶሻውንም። ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አውራ ጣታቸውን ከግንባሩ እስከ አገጩ አወረዱ። ግራ ጉንጩ ጋ ቆሙና «እዚህ ሞልቷል፣ አንቺ አላየሽውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፣ አላየሁትም ነበር። መሮውን ያዙ። መዶሻውን አነሱ። ሦስት ዓመት ሞረድ ብቻ የገፋ እጅ ነው፣ በዚያ ላይ ሕመሙ፤ መሮው ተንሸራተተና ጉንጩን ቧጨረው።

ደግመው ሞከሩ። ደግሞ ተንሸራተተ።

መሮውን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት፣ ጣቶቼንም አንድ በአንድ አጠፉልኝ።

«አሁን ጣቴ ደህና ናት፣ እጄ ነው የሌለው» አሉ። «በይ አንቺ አስተካክይው፣ እኔ እነካልሻለሁ።»

ጎናቸው ተቀምጬ ጉንጩን አስተካከልኩት። በየመዶሻው ምት ቆም እላለሁ፣ በጣታቸው ይነካሉ፣ ትንሽ ቀረሽ ይላሉ፣ እንደገና እመታለሁ። ፀሐይዋ ከጣራው እስክትወርድ ድረስ እንደዚያ ሠራን። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ። በማግስቱ ለሽማግሌዎቹ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ታላቁ ሽማግሌ አዳምጠው ሲጨርሱ አሁን ምን ይረባል ልጄ አሉኝ።